ትንሽ የአሉሚኒየም ጀልባ በሐይቅ ላይ፦ ስለሚገባ ውኃ፣ ስለሚጠፋ ሞተርና ስለሚሸሽ ዓሣ የተሰጠ ምላሽ

ጠያቂው ያቀረቡት ጉዳይ ባጭሩ ይህ ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ስፋቱ 1.5 ሜትር የሆነ፣ በሪቬት (ላሜራዎችን በሚያያይዝ፣ ጫፉ ተመትቶ በሚጠፈጠፍ ምስማር) የተያያዘ የአሉሚኒየም ጀልባና ባለ 8 የፈረስ ጉልበት፣ ባለሁለት ምት ሞተር አላቸው፤ የሚያጠምዱትም በሐይቅ ላይ ነው። ጥቂት ሰዓታት ውኃ ላይ ከቆዩ ከወለሉ ሥር ውኃ ይጠራቀማል። ሞተሩ ጠዋት በደንብ ይነሳል፤ መንጠቆ እየጎተቱ በዝግታ ሲጓዙ ግን ከግማሽ ሰዓት ገደማ በኋላ እየተንተፋተፈ ይጠፋል። ቀድሞ በመቅዘፊያ ሲያጠምዱ ያገኙት የነበረውን ያህል ዓሣም አሁን አያገኙም። ለዚህ ሁሉ መፍትሔ ብለው ያሰቡት የበሰበሰውን ወለል በመድኃኒት በተነከረ ኮምፔርሳቶ መተካት፣ የጀልባውን ሆድ አልጌ በሚከላከል ቀለም መቀባትና ሞተሩን በባለ 15 የፈረስ ጉልበት መለወጥ ነው።

ከሦስቱ ሐሳቦች የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ የጀልባውን ዕድሜ የሚያሳጥሩ ናቸው፤ ሦስተኛው ደግሞ ያለውን ችግር ወደ አዲስ ሞተር ከማዛወር ያለፈ ጥቅም አይሰጥም። ብዙ ባለጀልባዎች የሐይቅና የወንዝ ውኃ ጨው ስለሌለው ጀልባቸው የተለየ እንክብካቤ የማያሻው ይመስላቸዋል። የባሕር ውኃ ብረትን ይበልጥ ፈጥኖ እንደሚበላ እውነት ነው፤ ነገር ግን ጨው በሌለው ውኃ ላይ የሚሠራ ትንሽ ጀልባ በአብዛኛው የሚጎዳው እየተጓዘ ሳለ ሳይሆን ከውኃ ወጥቶ በቆመበት ጊዜ ነው። የሚጎዱትም ከወለሉ ሥር የቀረው ውኃ፣ ካርቡራተሩ (ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው የሞተር ክፍል) ውስጥ የቀረው ቤንዚንና ፕሮፔለሩ ላይ ተጠምጥሞ የቀረው ክር ናቸው። ያቀረቧቸው ችግሮች ሁሉ ከዚሁ ጋር የተያያዙ ስለሆኑ በየተራ እሄድባቸዋለሁ።

ከውኃው እንጀምር። የጀልባው አካል ተቀዷል ብሎ ከመደምደም በፊት ቀላሉን መመርመር ይገባል። ከኋላው ግድግዳ ግርጌ ያለው የውኃ ማስወገጃ ክዳን ጎማው ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ፣ በደንብ የጠበቀ ቢመስልም ውኃ ማስገባቱ አይቀርም። ሞተሩን የሚይዙት ብሎኖች የሚያልፉባቸው ቀዳዳዎችና የዓሣ መፈለጊያ መሣሪያ የተገጠመባቸው ቦታዎችም የተለመዱ መግቢያዎች ናቸው። መቀመጫዎቹ ከጎኑ ጋር የተበየዱ ከሆነ ከብየዳው አጠገብ ፀጉር የሚያህል ስንጥቅ እንዳለ ይመልከቱ። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ሲገኙ ነው ወደ ሪቬቶቹ የሚኬደው።

የሚያፈስ ሪቬት ለማግኘት አስተማማኙ ዘዴ ጀልባውን ደረቅ መሬት ላይ አስቀምጦ ውስጡን ውኃ መሙላትና ከውጭ መመልከት ነው። ወለሉ ይነሳ፤ ጀልባው በአንድ ወይም በሁለት ነጥብ ላይ ብቻ ሳይሆን በርዝመቱ ሁሉ በወፍራም እንጨቶች ይደገፍ፤ ከዚያ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል ከፍታ እስኪኖረው ውኃ ይጨመርበት። ከዚህ በላይ መሙላት አያስፈልግም፤ የአንድ ሊትር ውኃ ክብደት 1 ኪሎ ግራም በመሆኑ፣ 4 ካሬ ሜትር በሚሆን ወለል ላይ የተኛ 10 ሴንቲ ሜትር ውኃ 400 ኪሎ ግራም ይመዝናልና በቂ ድጋፍ የሌለውን ላሜራ ያጎብጠዋል። ውጭውን በጨርቅ አድርቀው ግማሽ ሰዓት ያህል ይጠብቁ፤ የሚያንጠባጥበውን እያንዳንዱን ሪቬትና መጋጠሚያም በማይለቅ ቀለም ይክበቡት። አንዳንድ ሪቬቶች ጀልባው ሲቆም ደህና ሆነው ማዕበል ሲያላጋው ብቻ ውኃ የሚያስገቡ ናቸው፤ ስለዚህ አንድ ሰው የጀልባውን ጠርዝ በእጁ በቀስታ እየተጫነ ሲለቅ ሌላው ከጎን ሆኖ ቢመለከት ይበልጥ የተሟላ ውጤት ይገኛል።

የላላ ነገር ግን ያልተበላ ሪቬትን መልሶ ማጥበቅ ይቻላል። አንዱ ሰው ከውጭ በሪቬቱ ራስ ላይ ከባድ ብረት አስደግፎ ይይዛል፤ ሌላው ከውስጥ ጫፉን በመዶሻ ይመታዋል። ራሱ የተበላ ወይም ቀዳዳው የሰፋ ከሆነ ግን በትራፓኖ አውጥቶ በመጠን ትንሽ ከፍ ባለ፣ ሙሉ በሙሉ ከአሉሚኒየም በተሠራ ሪቬት መተካት ያስፈልጋል። ከአንድ ወገን ብቻ የሚተኮሰውን ዓይነት ከመረጡ ጫፉ የተደፈነው ይሁን፤ ተራው ዓይነት መሐሉ ክፍት ስለሆነ እርሱ ራሱ ሌላ ማፍሰሻ ይሆናል። ማሸጊያው ለጀልባ ተብሎ የተዘጋጀ የፖሊዩሬቴን ማሸጊያ ቢሆን ይመረጣል። ኮምጣጤ የሚሸተውን የመታጠቢያ ቤት ሲሊኮን አይጠቀሙ፤ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ አሉሚኒየሙን ይነካዋል፣ አንዴ ሲሊኮን በነካው ላሜራ ላይ ደግሞ ቀለምም ሆነ ሌላ ማሸጊያ አልይዝ ይላል። የሚያፈሰውን ቦታ ሳይለዩ መላውን ወለል በማሸጊያ መለቅለቅም ብዙ ሰው የሚያደርገው ነገር ነው፤ እኔ አልመክርም፣ ምክንያቱም የላላው ሪቬት እንደላላ ይቀራል፣ በሚቀጥለው ጊዜ ሲፈለግም ከማሸጊያው ሥር ተሸፍኖ አይገኝም።

የሚገባው ውኃ ትንሽ ቢመስልም የሚያስከትለው አደጋ ትንሽ አይደለም። በእርስዎ ጀልባ ወለል ሥር 5 ሴንቲ ሜትር ውኃ አለ ማለት 200 ኪሎ ግራም ገደማ ተጭኗል ማለት ነው። ይህም የሦስት ሰው ክብደት ያህል ሲሆን፣ ሰው በተቀመጠበት ሲቆይ ውኃው ግን ጀልባው ወዳዘነበለበት ሁሉ እየሮጠ ማዘንበሉን ያባብሰዋል። እንዲህ ባለ ጀልባ ላይ ዓሣ ለማውጣት ብድግ ብሎ መቆም ለመገልበጥ ቅርብ መሆን ነው። የጀልባው የመጫን አቅም በአምራቹ ከተለጠፈ በዚያው ይመሩ፤ ከሌለ የተለመደው ግምት ርዝመቱንና ስፋቱን በሜትር አባዝቶ ለ1.4 ማካፈል ነው፤ በዚህ ስሌት የእርስዎ ጀልባ 4 ሰው ይይዛል። ይህ ስሌት ግን አየሩ ጸጥ ባለበት ጊዜ ተቀምጠው ለሚጓዙ ሰዎች ነው። ዘንግ ለሚወረውሩና ወዲያ ወዲህ ለሚሉ አጥማጆች ሁለት ቢሆኑ፣ ቢበዛም ከሦስት ባይበልጡ እመርጣለሁ።

ወለሉን ባነሱበት አጋጣሚ ከመቀመጫዎቹና ከወለሉ ሥር ያለውን የማንሳፈፊያ ፎም ይመርምሩ። ይህ ፎም የተቀመጠው ጀልባው ውኃ ቢሞላም እንዳይሰምጥ ነው። አሮጌ ፎም ግን ለዓመታት እርጥበት ውስጥ ሲተኛ ውኃ ይጠጣል፤ አንዴ ከጠጣም በቀላሉ አይደርቅም፣ ስለዚህ ጀልባውን እያከበደ ላሜራውን ዘወትር እርጥብ ያደርገዋል። ከሥር በኩል በቢላ ቆርጠው በእጅ ሲጨምቁት ውኃ ካንጠባጠበ መለወጥ አለበት። አውጥቶ መጣልና ባዶውን መተው ግን በፍጹም አይገባም። አዲሱ ውኃ የማይጠጣ ዓይነት ይሁን፤ ነጩን፣ በቀላሉ የሚፈረፈረውን የዕቃ መጠቅለያ ፎም ያስወግዱ፣ ቤንዚን ሲነካው ይሟሟልና። ከፎሙና ከላሜራው መካከል ውኃ ወደ ኋላ የሚወርድበት ክፍተት መተውም እንዳይረሳ።

አሁን ወደ ወለሉ እንጨት እንለፍ፤ በጥያቄው ውስጥ ይበልጥ ያሳሰበኝ ይህ ነው። በመድኃኒት የተነከረ እንጨት እንዳይበሰብስ የሚያደርገው በአብዛኛው የመዳብ ውህድ ነው። እንጨቱ ሲርስ መዳቡ ቀስ በቀስ እየታጠበ ከአሉሚኒየሙ ጋር ይገናኛል፤ ሁለቱ በውኃ አማካይነት በተገናኙበት ሁሉ የሚበላው አሉሚኒየሙ ነው። ውጤቱ ከላይ የማይታይ ነጭ ዱቄትና በመርፌ የተወጋ የሚመስል ቀዳዳ ሲሆን፣ የሚታወቀውም አብዛኛውን ጊዜ ዘግይቶ ነው። ስለዚህ መድኃኒት ያልነካው፣ በውኃ በማይለቅ ሙጫ የተጣበቀ ኮምፔርሳቶ ይግዙ፤ ከቆረጡና ቀዳዳዎቹን ከበሱ በኋላ ሁለቱንም ገጽና በተለይም ጠርዞቹን በኢፖክሲ ደጋግመው ይቀቡት። ወለሉን በማይዝግ ብረት ቪቴ የሚያስሩ ከሆነ ቪቴው ከአሉሚኒየሙ ጋር በቀጥታ እንዳይነካካ የፕላስቲክ ሮንዴላ ያድርጉበት። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ በቀላሉ ተነሥቶ ሥሩ የሚታጠብ ወለል ነው። የተጣበቀ ምንጣፍ ለእግር ይመቻል፤ እርጥበትን ይዞ ስለሚቆይ ግን ከላሜራ ጋር በሚነካበት ቦታ ሁሉ ዝገት ያራባል።

ከዚሁ ጋር ለአጥማጅ ልዩ ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። ከወለሉ ሥር የሚወድቁት የክር ማስጠሚያ እርሳሶች፣ ከነሐስ የተሠሩ ማሽከርከሪያ ቀለበቶችና የመዳብ ሽቦ ቁርጥራጮች ልክ እንደ መድኃኒቱ እንጨት ይሠራሉ፤ በቀረው ውኃ ውስጥ ተኝተው ከሥራቸው ያለውን ላሜራ ይበሳሉ። ከማጥመጃ ዕቃ ሣጥኑ የፈሰሰውን ለቅሞ መጨረስ የንጽሕና ጉዳይ ብቻ ያልሆነው ለዚህ ነው።

አልጌን የሚከላከለው ቀለምም በተመሳሳይ ምክንያት መቅረት አለበት። ከእነዚህ ቀለሞች ብዙዎቹ የሚሠሩት መዳብ እየለቀቁ ነው፤ እንዲህ ያለውን ቀለም በአሉሚኒየም ላይ መቀባት አይቻልም። ደግሞም ከእያንዳንዱ ጉዞ በኋላ ከውኃ የሚወጣ ጀልባ አልጌ ለማብቀል ጊዜ ስለማያገኝ ቀለሙ ምንም አይሠራለትም። አሉሚኒየም አየር ሲነካው ራሱን የሚጠብቅ ስስ ሽፋን ስለሚያበጅ ለመልክ ካልሆነ በቀር ቀለም አያሻውም። በሞተሩ ላይ የተገጠመችው፣ በሌላው ብረት ምትክ እንድትበላ የተሠራችው ቁራጭ ብረት ግን መታየት አለባት። ለባሕር የሚሠራው ዚንክ በሐይቅ ውኃ ላይ ጠንካራ ቅርፊት አብቅሎ ሥራውን ያቆማል፤ ጨው ለሌለው ውኃ የሚስማማው ማግኒዚየም ነው። ግማሽ ያህሏ ከተበላች ትለወጥ፤ በምንም ምክንያት ቀለም አይቀቧት።

የሞተሩ ጉዳይ ረጋ ያለ ምርመራ ይጠይቃል። በዝግታ ግማሽ ሰዓት ሠርቶ የሚጠፋ ሞተር ሲነገረኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው የቤንዚን በርሜሉን ክዳን ነው። በክዳኑ ላይ ያለችው የአየር ማስገቢያ ካልተከፈተች ወይም ከተደፈነች ቤንዚኑ በተቀዳ ቁጥር በርሜሉ ውስጥ ያለው አየር እየሳሳ ሄዶ ፓምፑ ሊስብ የማይችልበት ደረጃ ይደርሳል። ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ መንተፋተፍ ሲጀምር በቱቦው መካከል ያለችውን፣ በእጅ የምትጨመቀውን የጎማ ኳስ ይመልከቱ። ኳሷ ተመጥጣ ከጠፈጠፈች መዘጋቱ ከእርሷ በፊት፣ ማለትም በርሜሉ ወይም የመምጠጫው ቱቦ ላይ ነው፤ ክዳኑን ሲያላሉት አየር ሲስብ ከሰሙ መንስኤው ተገኘ። ኳሷ ለስላሳ ሆና ሲጨምቋት ሞተሩ ነፍስ ከዘራ ደግሞ የቤንዚን ፓምፑ ዲያፍራም (ቤንዚኑን የሚገፋው ስስ ሽፋን) ደክሟል፣ ወይም ከላላ ፋሸታ (የቱቦ ማጥበቂያ) በኩል አየር እየገባ ነው። ኳሷ ጠንክራ እያለች፣ ብትጨመቅም ለውጥ ከሌለ ቤንዚን መድረሱን ትተው ወደ ካንዴላና ወደ ካርቡራተር ይሂዱ።

ባለሁለት ምት ሞተር ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ የሚቃጠልበት ስለሆነ፣ በሚኒሞ (በዝቅተኛው ዙር) ለረጅም ጊዜ ሲሠራ ሙቀቱ ዘይቱን ሙሉ በሙሉ ማቃጠል ይሳነውና ካንዴላው በጥቁርና እርጥብ ጥላሸት ይሸፈናል። መንጠቆ እየጎተቱ መጓዝ ማለት ደግሞ ለሰዓታት በሚኒሞ መሥራት ነው። ሞተሩ በጠፋበት ቅጽበት ካንዴላውን ፈትተው ይመልከቱት፤ ቀላል ቡናማ ከሆነ ጤነኛ ነው፣ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ የገለጽሁት ችግር ነው፣ ነጭ ሆኖ የተቃጠለ ከመሰለ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየሞቀ ወይም ቤንዚን እያነሰው ነው፣ የውኃ ጠብታ ከታየበት ደግሞ የቴስታታው ጓርኒሲዮን (የሲሊንደሩ ክዳን ማሸጊያ) ሳይታይ ሞተሩ ባይሠራ ይሻላል። ለጥላሸቱ የሚረዳው በየ20 ወይም 30 ደቂቃው መንጠቆውን ሰብስቦ ለአንድ ሁለት ደቂቃ በከፍተኛ ዙር መሄድ ነው። ከዚህ የሚሻል ሌላ መንገድም አለ፤ ውኃ ውስጥ የሚከፈት የሸራ ከረጢት ወይም እጀታው የጸና ባልዲ በገመድ ከጀልባው ጎን ቢጎተት ሞተሩ በጤነኛ ዙር እየሠራ ጀልባው በዝግታ ይጓዛል። ገመዱ ፕሮፔለሩ ጋር እንዳይደርስ አጭር ይሁን።

የዘይቱ መጠን በሞተሩ መመሪያ ይወሰናል፤ በብዙ ባለሁለት ምት ሞተሮች ላይ ግን ለ50 እጅ ቤንዚን 1 እጅ ዘይት ነው፣ ይህም ለ1 ሊትር 20 ሚሊ ሊትር፣ ለ12 ሊትር በርሜል 240 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ሞተሩ ይጠንክር ብለው ዘይት የሚያበዙ ሰዎች የሚያገኙት ጥላሸት ነው። ዘይቱም ለጀልባ ሞተር የተሠራ፣ ቲሲ-ደብሊው 3 የሚል ምልክት ያለበት መሆን አለበት፤ በውኃ የሚቀዘቅዝ የጀልባ ሞተር በአየር ከሚቀዘቅዝ የሞተር ሳይክል ሞተር ባነሰ ሙቀት ስለሚሠራ የሞተር ሳይክሉ ዘይት አይስማማውም። በርሜሉን ሲሞሉ ከጀልባው አውርደው መሬት ላይ ያስቀምጡት፤ የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ በጀልባው ወለል ሥር ተኝቶ የእሳት ብልጭታ ይጠብቃል።

ካርቡራተሩን በተመለከተ፣ ለዝግታ ጉዞ ቤንዚን የምታሳልፈው ቀዳዳ ከሁሉ ጠባቧ ናት፤ ሞተሩ በፍጥነት ሲሄድ ደህና ሆኖ በሚኒሞ ብቻ ካስቸገረ የተደፈነችው እርሷ ናት ብሎ መገመት ይቻላል። የምትደፈነውም ጀልባው ለሳምንታት ሲቆም ውስጡ የቀረው ቤንዚን ተንኖ እንደ ማር የሚያጣብቅ ዝቃጭ ስለሚተው ነው። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚን ሲሆን ነገሩ ይብሳል፤ ኤታኖሉ ከአየር እርጥበት ይስባል፣ ሲበዛም ከቤንዚኑ ተለይቶ ከውኃው ጋር ወደ በርሜሉ ግርጌ ይወርዳል። ያን የሚስብ ባለሁለት ምት ሞተር ዘይት አልባ ፈሳሽ እየጠጣ ነው ማለት ነው። ከሁለት ሳምንት በላይ እንደማይወጡ ካወቁ በካርቡራተሩ ግርጌ ያለችውን ማፍሰሻ ቪቴ ፈትተው በዕቃ ይቀበሉት። የተቀላቀለ ቤንዚን በአንድ ወር ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ያዘጋጁ። ቤንዚን ማቆያ መድኃኒት የሚሠራው ትኩስ ቤንዚን ላይ ሲጨመር ነው፤ ያረጀውን መልሶ አያድስም።

ሞተሩ ሲሠራ ከኋላው የሚወጣው ቀጭን የውኃ ጅረት ማቀዝቀዣው እየሠራ መሆኑን ያሳያል። ጅረቱ ከደከመ መጀመሪያ መግቢያው ላይ ሣር ወይም ፌስታል ተለጥፎ እንደሆነ ይዩ፤ ካልሆነ የውኃ ፓምፑ የጎማ ክንፎች አርጅተዋል። እነዚህ ክንፎች ውኃ ሳያገኙ ከተሽከረከሩ በሰከንዶች ውስጥ ይጎዳሉ፤ ስለዚህ መሬት ላይ ሞተሩን ለሙከራ ሲያስነሱ መግቢያው በውኃ በተሞላ በርሜል ውስጥ ሙሉ በሙሉ ይጠለቅ። የደፈረሰና አሸዋ የበዛበት ዳርቻ ላይ የሚሠሩ ከሆነ ክንፎቹን በየሁለት ወይም ሦስት ዓመቱ መለወጥ ተገቢ ነው።

ከሞተሩ ክፍሎች ሁሉ በአጥማጅ እጅ ይበልጥ የሚጎዳው የታችኛው የማርሽ ቤት ነው። የተበጠሰ ክር ፕሮፔለሩ ጋር ሲደርስ ከፕሮፔለሩ ጀርባ ይጠመጠማል፣ በሙቀትና በመሽከርከር ብዛትም የዘይት መከላከያውን ጎማ ይቆርጠዋል፤ ከዚያ ዘይቱ ይወጣል፣ ውኃው ይገባል። ከውጭ ምንም አይታይም። በጥቂት ሳምንታት አንዴ ፕሮፔለሩን ፈትተው ዘንጉን ያጽዱ፤ ሲመልሱትም ውኃ የማያጥበው ግራሶ ይቀቡት። የማርሹ ዘይት በዓመት አንድ ጊዜ ወይም በየ100 የሥራ ሰዓቱ ይለወጥ። ሲያፈሱት ወተት ከመሰለ ውኃ ገብቷልና መከላከያው ጎማ መለወጥ አለበት። አዲሱን ዘይት ሲሞሉ ከታችኛው ቀዳዳ ወደ ላይ እየገፉ ከላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ድረስ ይሙሉት፤ ከላይ ከተሞላ አየር ይታገትና መጠኑ ይጎድላል። የሁለቱ ቪቴዎች ሮንዴላዎችም አብረው ይለወጡ። ሞተሩ ሁልጊዜ ቀጥ ብሎ ቆሞ ውኃው ይንጠፍጠፍለት፤ ውኃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ስለሚጨምር፣ ቅዝቃዜ ባለበት ቦታ የቀረው ውኃ የማርሽ ቤቱን ሊሰነጥቀው ይችላል።

ስለ ዓሣው መቀነስ ያነሱትን ነገር ከሞተሩ ጋር ማያያዝዎ ትክክል ይመስለኛል፤ ጥፋቱ ግን የአጠቃቀሙ ነው። ድምፅ በውኃ ውስጥ በሴኮንድ 1,480 ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ ይህ በአየር ውስጥ ከሚጓዝበት ፍጥነት ከአራት እጥፍ በላይ ነው። ዓሣ ደግሞ ከጆሮው በተጨማሪ በጎኑ በተዘረጋው የስሜት መስመር የውኃውን ንቅናቄ ይለያል። አሉሚኒየም የሚወድቅበትን ሁሉ ስለሚያስተጋባ የወደቀ ቁልፍ ወይም የተጎተተ ሣጥን ከሞተሩ እኩል ያስበረግጋል። ዓሣው አለበት ከሚሉት ቦታ ብዙ ርቀው፣ ነፋሱ ከሚመጣበት ወገን ሆነው ሞተሩን ያጥፉ፤ ነፋሱ ራሱ ቀስ ብሎ ይወስድዎታል፣ አቅጣጫውን በመቅዘፊያ ብቻ ያስተካክሉ። ከጉዞ በኋላ የሚነሳ ቀዳዳማ የጎማ ንጣፍ ወለሉ ላይ ቢነጠፍ ድምፁን ይቀንሳል። ጥልቅ በሆነ ሐይቅ ላይ በሞቃት ወራት ሞቃቱ ውኃ ከላይ፣ ቀዝቃዛው ከታች ተለያይተው ይቀመጣሉ፤ የታችኛው ንጣፍ ከአየር ጋር ስለማይገናኝ ኦክስጅኑ እየተመናመነ ይሄዳል። በዚህ ወቅት መንጠቆን እስከ ወለሉ ማውረድ ዓሣ የሌለበት ቦታ መጠበቅ ሊሆን ይችላል። ነፋስ ለረጅም ሰዓት የገፋው ዳርቻ ግን ጥቃቅን ምግብ ስለሚከማችበት ሊሞከር የሚገባው ነው።

መልህቅ ሲጥሉ ሁልጊዜ ከጀልባው ፊት ይሰሩት። ሞተሩ ያለበት የኋላ ክፍል ቀድሞውኑ ዝቅ ያለ ስለሆነ ከዚያ ቢታሰር ማዕበሉ በግድግዳው ላይ ተሻግሮ ይገባል። የገመዱ ርዝመት ከጥልቀቱ 5 እስከ 7 እጥፍ ይሁን፤ ለ4 ሜትር ጥልቀት ከ20 እስከ 28 ሜትር ማለት ነው። የሐይቅ ማዕበል አጭርና ቀጥ ያለ በመሆኑ ትንሽ ጀልባን ከገመቱት በላይ ያንገላታል፤ ስለዚህ የሕይወት አድን ጃኬቱ ከመቀመጫው ሥር ሳይሆን ከሰውነት ላይ ይሁን፣ የሞተሩ ማጥፊያ ገመድም ከነጂው ጋር ይታሰር።

ከጉዞ ሲመለሱ የውኃ ማስወገጃውን ከፍተው የጀልባውን ፊት ከፍ ያድርጉት፤ ወለሉን አንሥተው ሥሩን በንጹሕ ውኃ ያጥቡት፣ አየርም እንዲዘዋወርበት ይተዉት። ሸራ ሲያለብሱት ውኃ የሚያቁር ጎድጓዳ ቦታ እንዳይኖረው ከሥር በእንጨት ደግፉለት፣ ጎኖቹም ትነት እንዲወጣ ጥቂት ክፍት ይሁኑ። ወደ ሌላ ሐይቅ የሚሄዱ ከሆነ ከፕሮፔለሩና ከመልህቁ ላይ ሣሩን ሁሉ ለቅመው፣ የዓሣ ማቆያውን ውኃ እዚያው አፍስሰው፣ ጀልባውን ቢያንስ 5 ቀን ያድርቁት። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ በትልልቅ መርከቦች ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች የገባው፣ የዜብራ መስል የተባለው ትንሽ ባለዛጎል የውኃ እንስሳ ከዚያ ወደ ትንንሾቹ ሐይቆች በብዛት የተዛመተው እንዲህ ባሉ ትንንሽ ጀልባዎች ተጣብቆ ነው፤ የሞተር ማቀዝቀዣንም ይደፍናል።

ሞተሩን ስለመለወጥ ያቀረቡትን በመጨረሻ የተውሁት ከላይ ያሉት ሳይፈተሹ መልስ ስለማይኖረው ነው። ባለ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ይበልጥ ይከብዳል፤ የኋላው ግድግዳ ይህን እንዲሸከም መሠራቱን ከጀልባው የአቅም ምልክት ማረጋገጥ ይኖርብዎታል። ለዝግታ ጉዞም ትልቅ ሞተር ከትንሽ የባሰ ነው፤ ዙሩ ይበልጥ ዝቅ እንዲል ይገደዳልና ጥላሸቱ ይበዛል። ክዳኑን፣ ቱቦውን፣ ካንዴላውንና ካርቡራተሩን አስተካክለው አሁንም የሚጠፋ ከሆነ የሁለቱንም ሲሊንደሮች ኮምፕሬሽን (ውስጣቸው የሚታመቀውን አየር ግፊት) ያስለኩ። ንባቦቹ ተቀራራቢ ከሆኑ ያለዎት ሞተር ገና ብዙ ይሠራል። አንዱ ከሌላው ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ ግን የፒስተን ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ ተበልቷል፤ ያን ጊዜ የጥገናውን ወጪ ከተመሳሳይ ባለ 8 የፈረስ ጉልበት ሞተር ዋጋ ጋር አነጻጽረው ይወስኑ።